የእናቴ የቅዳሜ ገንፎ፦ ሳይጓጉል እንዴት ይገነፋል?

እኛ ቤት ቅዳሜ ጠዋት የገንፎ ነው። የዓርብ ጾም አልፎ ቅቤ ቤቱን የሚያውደው ያን ጊዜ ነው። ማገንፋት ያስተማረችኝ እናቴ ናት። እሷ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ስታማስል፣ ድስቱን በጨርቅ ግራና ቀኝ አጥብቄ የምይዝላት እኔ ነበርኩ። ለዓመታት እያየሁ ስላደግሁ የምችል መስሎኝ ነበር። እንደማልችል ያወቅሁት ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ወልዳ፣ አራስ ጠያቂ ቤቱን የሞላ ዕለት ነው።

ለአራት ሰው 2 ብርጭቆ የገብስ ዱቄት፣ 4 ብርጭቆ ውሃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ ብርጭቆ ንጥር ቅቤና 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ይበቃል። ዱቄቱ ተፈትጎና ለስለስ ባለ እሳት ታምሶ ከተፈጨ ገብስ ይሁን። አሽትቱት፤ የቆሎ ሽታ ካለው ጥሩ ነው። የበሶ ዱቄት ግን አይሆንም፤ አብዝቶ ስለታመሰ እንደ ገንፎ አይያያዝም።

ዕቃ ላይ አትሳሱ። ድስቱ ከበድ ያለ፣ ማማሰያው ወፍራም እንጨት ይሁን። ቀላል ድስት ስታማስሉ አብሯችሁ ይዞራል። የብረት ጭልፋም ሞክሬያለሁ፤ ይጎብጣል፣ እጅም ያቃጥላል።

ውሃውን በጨው አፍሉት። ሲንተከተክ 1 ብርጭቆ ቀንሳችሁ አጠገባችሁ ክደኑት። ከዚያ የተነፋውን ዱቄት በአንድ ጊዜ መሃል ላይ ከምሩት። እንዳታማስሉት! በማማሰያው እጀታ ክምሩን እስከ ታች ብሱትና እሳቱን ቀንሱ። ውሃው በቀዳዳው በኩል ቱክ ቱክ እያለ ይወጣና ዱቄቱን ከላይ ያርሰዋል። ድስቱን ገርበብ አድርጋችሁ ከድናችሁ 5 ደቂቃ ያህል ተዉት።

እኔ ያበላሸሁት እዚህ ጋ ነው። እናቴ እስክትደርስ ላገንፋ ብዬ ገባሁና ዱቄቱን እንደጨመርኩ ማማሰል ጀመርኩ። ወዲያው ጠጠረብኝ። ደንግጬ ከቧንቧ ቀዝቃዛ ውሃ ቸለስኩበት፤ ያኔ ጭራሽ ጓጎለ። እንግዶቹ ምንም ሳይሉ በሉ። እናቴ ስትመጣ ከድስቱ አንዱን ጓል አንስታ በጣቶቿ ለሁለት ከፈለችው። ውስጡ ነጭ፣ ደረቅ ዱቄት ነበር። «ውሃ ሳይጠጣ እኮ ነው ያማሰልከው፤ ምን አስቸኮለህ ልጄ?» አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የፈላ ውሃ የነካው የዱቄቱ ውጪ ቶሎ ተያይዞ ውስጡን ይዘጋዋል። አንዴ ከተዘጋ ቢያማስሉት ቢያማስሉት ውሃ አያስገባም። ባለቤቴ ያን ዕለት ደህና ገንፎ ሳትበላ መዋሏ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ 5 ደቂቃውን ጠብቁ። ከዚያ ድስቱን አውርዳችሁ ማቶት ላይ ወይም የተጠቀለለ ጨርቅ ላይ አስቀምጡ። ሰው ካለ ይያዝላችሁ። ከዳር ወደ መሃል እየሰበሰባችሁ በጉልበት አማስሉ። ጓል ካያችሁ አትለፉት፤ በማማሰያው ጠፍጣፋ ጎን ከድስቱ ግድግዳ ጋር ጨፍልቁት። ሲጠጥር የቀነሳችሁትን ትኩስ ውሃ በትንሽ በትንሹ ጨምሩ። ሁሉንም ላትጨርሱት ትችላላችሁ። ልሙጥ ሲል ቀዝቀዝ ባለ እሳት ላይ መልሱትና በየመሃሉ እያማሰላችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አብስሉት። ስለሚፈናጠር ፊታችሁን ራቅ አድርጉ። ከድስቱ ግድግዳ ሲላቀቅና ውሃ የነካ ጣት ላይ አልጣበቅ ሲል ደርሷል። ቀምሳችሁ ጥሬ ጥሬ ካለ ግን ገና ነው።

ዱቄቱን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ማፍላት እንደ አቋራጭ የሚመክሩ አሉ። እውነት ነው አይጓጉልም፤ ግን እንደ ሙጫ ይለጠጣል። ያ አካሄድ ለአጥሚት ነው የሚያምረው።

ቅቤውን አቅልጣችሁ ከእሳት ካወረዳችሁ በኋላ በርበሬውን ጨምሩ። እሳት ላይ እንዳለ ከጨመራችሁ ያርና ይመራል። ጎድጓዳ ሳህን ቅቤ ቀብታችሁ ገንፎውን ገልብጡበት፤ እያንቀረቀባችሁ አድቦልቡሉት። ቅቤ በተቀባ ጭልፋ መሃሉን ጎድጎድ አድርጉና የቅቤውን ድልህ ሙሉበት። ዙሪያውን እርጎ ብታደርጉ በርበሬውን ያበርደዋል። በጾም ወቅት ቅቤውን ዘይት ወይም ተልባ ይተካዋል።

ከዳር እየቆረሳችሁ ብሉ፤ መሃሉ ቶሎ ከተነካ ቅቤው ይፈሳል። ድስቱንና ማማሰያውን ደግሞ ወደ ገበታው ከመቅረባችሁ በፊት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፏቸው። ከደረቀባቸው በኋላ መፈተጉ ከማገንፋቱ ይብሳል።