ፍላሻችሁን ማክም ዊንዶውስም እንዲቀበለው

የአክስቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ውስጥ ማክ ላይ የሰርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። ሰሞኑን የአንኮበር ዘመዶቻችንን ቪዲዮ ፍላሽ ላይ ልገልብጥ ቢል እምቢ አለው። ፍላሹ ይከፈታል፣ ውስጡ ያለው ይታያል፣ ግን አንድ ፋይል እንኳ አይጨምርም። ተበላሽቷል ብሎ ሊጥለው ነበር። ኧረ ምኑም አልተበላሸ!

ፍላሹ ዊንዶውስ ላይ በኤንቲኤፍኤስ (NTFS)፣ ማለትም በአንድ ዓይነት የፋይል አቀማመጥ፣ ፎርማት ተደርጎ ነው። ማክ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ አይጽፍበትም። ፋት 32 (FAT32) የሚባለውን ሌላ ዓይነት ሁለቱም ይቀበሉታል፤ ግን አንዱ ፋይል ብቻውን 4 ጊጋ ከሞላ አይገባም። የሰርግ ቪዲዮ ደግሞ ታውቁታላችሁ።

መፍትሔው ኤክስፋት (exFAT) የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ይጽፉበታል፣ ትልቅ ፋይልም ይቀበላል። መጀመሪያ ፍላሹ ላይ ያለውን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ፎርማት ሁሉንም ያጠፋል፤ እባካችሁ ይህን እንዳትረሱ። ከዚያ ዊንዶውስ ላይ ፍላሹን በቀኝ ክሊክ፣ ፎርማት፣ ከዝርዝሩ ኤክስፋት፣ ስታርት። አለቀ። ማክ ላይ ከሆናችሁ ዲስክ ዩቲሊቲ ገብታችሁ ኢሬዝ በሉት፤ እዚያም ኤክስፋት አለ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ኤክስፋት ድንገት ሲነቀል በቀላሉ ይጎዳል። ኮፒው ቢያልቅም ኢጀክት (ፍላሹን አስወጣ የሚለውን ትእዛዝ) ሳትሉ አትንቀሉት። መብራት እልም የሚልበት ሰፈር ከሆናችሁ ደግሞ ቻርጅ ባለው ላፕቶፕ ገልብጡ።

ከማክ የመጣ ፍላሽ ዊንዶውስ ላይ ሲከፈት ስማቸው በነጥብ የሚጀምር ትንንሽ ፋይሎች ልታዩ ትችላላችሁ። ቫይረስ አይደሉም፣ ማክ ለራሱ የሚያስቀምጣቸው ናቸው።

ፍላሹ ለቆየ ቴሌቪዥን ወይም ሪሲቨር ከሆነ ግን ፋት 32 ይሻላል። ብዙዎቹ አሮጌዎች ኤክስፋትን አያነቡም።