ለሐጅና ለዑምራ ተጓዦች፦ የጉዞ ሰነዶችን አስቀድሞ ስለ ማስተካከል

ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከፉሪ ወይም ከዓለም ባንክ አካባቢ ለሐጅ ወይም ለዑምራ የሚነሣ ሰው ለጉዞው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ፓስፖርቱን ገልጦ ሊመረምር ይገባል። ፓስፖርቱ ቢያንስ ለ6 ወር የሚያገለግል ጊዜ የቀረው መሆን አለበት፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ እድሳቱ ይቅደም።

የስም አጻጻፍ በሸገር ከተማ ለሚኖሩ ወገኖቻችን የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። መታወቂያና የልደት ምስክር ወረቀት በአፋን ኦሮሞ ሲሰጡ ስሙ በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ስለሚጻፍ፣ ለምሳሌ ጣሂር የሚለው ስም በዚያ ሰነድ ላይ በኤክስ ጀምሮ፣ በፓስፖርቱ ላይ ግን በቲ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። የልደት ቀንም ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲመለስ የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። ቪዛው፣ የአውሮፕላን ትኬቱና የክትባት ካርዱ ፓስፖርቱን ተከትለው አንድ ፊደል ሳይጨመርና ሳይቀነስ መጻፍ ስላለባቸው፣ ፓስፖርቱ ላይ ስሕተት ከተገኘ የሚታረመው ቪዛ ከመጠየቁ በፊት ነው፤ ቪዛው ከፓስፖርቱ ቁጥር ጋር የተያያዘ በመሆኑ ዘግይቶ የሚደረግ ለውጥ ሁሉንም እንደገና ያስጀምራል። ማንበብ የማይችሉ እናትና አባት ያሏችሁ ልጆች ይህን ምርመራ ለማንም ሳትተዉ ራሳችሁ ሥሩት።

የሐጅ ምዝገባ የሚካሄደው በኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት፣ በመጅሊሱ በኩል ነው። በዑምራም ሆነ በጉብኝት ቪዛ ሐጅ ማድረግ አይፈቀድም። ደላላ «በጉብኝት ቪዛ ግቡና ሐጁን እዚያው ትጨርሳላችሁ» ቢላችሁ ፈጽሞ አትቀበሉት። የሳዑዲ አረቢያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2025 ያለ ፈቃድ ሐጅ ለማድረግ በሚሞክር ሰው ላይ እስከ 20,000 ሪያል ቅጣት እንደሚጣል አስታውቋል። ከቅጣቱም የሚከፋ ነገር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ሐጅ በብርቱ ሙቀት ወቅት ከ1,300 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል፣ ከእነዚህም የሚበዙት ፈቃድ ያልነበራቸው፣ ስለዚህም ማረፊያ ድንኳን አጥተው ረጅም መንገድ በፀሐይ የተጓዙ ነበሩ። ፈቃድ የያዘ ሐጃጅ የኑሱክ ካርድ የሚባለው የሐጃጅ መታወቂያ ይሰጠዋል፤ ይህን ካርድ ከአንገቱ አይለይ። ለዑምራ የሄደ ሰው ደግሞ መዲና ውስጥ በነቢዩ መስጊድ ወደሚገኘው ረውዳ ለመግባት ኑሱክ በተባለው የሳዑዲ የስልክ መተግበሪያ ቀጠሮ መያዝ ይኖርበታል።

የማጅራት ገትር ክትባት ወደ ሳዑዲ ከመግባት ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። የቢጫ ወባ ክትባትም ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ የሚጸና ሲሆን፣ አንዴ የተከተበ ሰው ድጋሚ አያስፈልገውም። ሁለቱም የሚመዘገቡበት ቢጫ ካርድ ዋናው ከእጅ ሻንጣ ውስጥ ይሁን።

ቪዛው እጃችሁ እንደ ደረሰ ስሙን፣ የፓስፖርቱን ቁጥርና የቪዛውን ዓይነት በዚያው ሰዓት አመሳክሩ። የሁሉንም ሰነዶች ኮፒ አንዱን ለቤተሰብ ስጡ፣ ሌላውን ከፓስፖርቱ ለይታችሁ ያዙ።