ያለ ፍሪጅ የቀዘቀዘ የሱፍ ፍትፍት፦ ከገንቦው አመራረጥ እስከ ገበታው

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚገኝ የቆርቆሮ ቤት ከቀትር በኋላ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው የኖረበት ሰው ነው። ለድሬዳዋ ወይም ለአዋሽ ሰው የእኛ ሙቀት ሙቀት ላይባል ይችላል፤ ነገር ግን ኮርኒስ ያልተሠራለት ጣሪያ የጠጣውን ፀሐይ ቁልቁል ሲተፋው፣ በግቢው የተተከለው ዛፍም ገና ለጥላ ሳይደርስ ሲቀር፣ ቤቱ ከሰባት ሰዓት በኋላ አላስቀምጥ ይላል። እኔ የምኖረው ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ በሚጀምርበት በቱሉ ዲምቱ አቅራቢያ ነው። ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም አጋማሽ መብራት ሳምንቱን ሙሉ መጣ ሄደ ሲል ሰንብቶ ፍሪጃችን ቁም ሳጥን ሆኖ ነበር። በዚያው ሳምንት በዘጠኝ ሰዓት ከቅዳሴ መልስ የሚበላውን የሱፍ ፍትፍት በሸክላ ገንቦ በቀዘቀዘ ውሃ መሥራት ተማርኩ፤ የተማርኩትም ከሁለት ስሕተት በኋላ ነው።

ሥራው ሁለት ክፍል አለው፤ ውሃውን ማቀዝቀዝና ሱፉን ማዘጋጀት። ብዙ ሰው ሱፉን ያውቀዋል፤ የሚሳሳተው በገንቦው ላይ ነው። ስለዚህ በገንቦው ላይ ብዙ ብቆይ አንባቢ እንዳይታዘበኝ እጠይቃለሁ።

ገንቦው

ሸክላ ውሃን የሚያቀዘቅዘው፣ ብዙዎቻችን እንደምንለው፣ «ተፈጥሮው ቀዝቃዛ» ስለሆነ አይደለም። ያልተቀባ ሸክላ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት። ውሃው በእነዚህ በኩል ቀስ እያለ ወጥቶ የገንቦውን ገላ ያረጥባል፤ ያ እርጥበት በደረቅ ነፋስ ሲተን ደግሞ ለመትነን የሚያስፈልገውን ሙቀት ከገንቦውና በውስጡ ካለው ውሃ ይወስዳል። የሚወስደውም ጥቂት አይደለም፤ ከአንድ ሊትር ውሃ 10 ግራም ብቻ ቢተን፣ ከውጭ የሚገባ ሙቀት ባይኖር ኖሮ፣ የቀረውን ውሃ በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለማቀዝቀዝ ይበቃ ነበር። ስለዚህ ከገንቦ የሚፈለገው አንድ ነገር ነው፤ ማላብ። ላብ የማያውቅ ገንቦ የቱንም ያህል ቢያምር ውሃ ከመያዝ በቀር የሚሠራው ሥራ የለም።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ይህን ሳላውቅ የፈጸምኩት ነው። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሲሟሽ እያየሁ ስላደግሁ፣ አዲስ ሸክላ ሁሉ መሟሸት ያለበት ይመስለኝ ነበር። አዲሱን ገንቦ ከገበያ እንዳመጣሁ የጎመን ዘር ወቀጥኩ፤ ከውስጥም ከውጭም በደንብ አሸሁት፤ በሳሳ ፍም ላይ እያገላበጥኩ አሞቅሁት። ገንቦው እንደ መስተዋት አብረቀረቀ፤ እኔም ኮራሁበት። ውሃ ሞልቼ ሁለት ቀን ብጠብቅ ግን በገላው ላይ አንዲት የላብ ነጠብጣብ አልታየችም፤ ውሃውም በባልዲ ከተቀመጠው የሚለይበት ነገር አልነበረውም። ከአጥር ማዶ ያሉት እናት መጥተው ገንቦውን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉና «አንተ ልጅ፣ እንጀራ ልትጋግርበት ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። የምጣድ ማሟሸት ዓላማው የሸክላውን ቀዳዳ በቅባት ደፍኖ እንጀራው እንዳይዝ ማድረግ ነው፤ ለውሃ ገንቦ የሚያስፈልገው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በፈላ ውሃም በአመድም ቅባቱን ላስለቅቅ ሞክሬ አልሆነልኝም። ያ ገንቦ ዛሬ በሶብላ ተተክሎበታል፤ ለበሶብላው ተስማምቶታል።

ስለዚህ ሲገዙ መልኩን አይመልከቱ። ገበያ ላይ የሚቀርቡት ጠቆር ያሉና የሚያብረቀርቁ ዕቃዎች ለወጥና ለቡና የሚመረጡ ናቸው፤ ለውሃ የሚሻለው ቀይ፣ ሻካራና «ያላለቀለት» የሚመስለው ነው። በከተማው ውስጥ ሸክላ ሠሪዎች ከጥንት ጀምሮ የሚታወቁበት ሰፈር ቀጨኔ ሲሆን፣ ከሠሪዎቹ ከራሳቸው የሚገዛ ሰው ለምን እንደሚፈልገው ቢነግራቸው መርጠው ይሰጡታል። ከነጋዴ የሚገዛ ግን ሁለት ነገር ይፈትን። አንደኛ፣ በጣት አንጓ መታ መታ ያድርገው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው፣ የታፈነና የተሰነጠቀ ድምፅ ከሰጠ ይተወው። ሁለተኛ፣ ጣቱን ውሃ ነክሮ በገንቦው ገላ ላይ አንድ ጠብታ ያድርግ። ጠብታው ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ተመጥጦ ጠቆር ያለ ነጥብ ከተወ ገንቦው ያልባል፤ እንደ ጤዛ ተንከባልሎ ከወረደ ቅባት ወይም ቀለም ነክቶታል ማለት ነው። ነጋዴው በዚህ ጊዜ ቢቆጣም መታገሥ ነው። መጠኑ ከ8 እስከ 10 ሊትር የሚይዝ ቢሆን ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል፤ ትልቅ እንስራ ለመሸከምም ለማጠብም ያስቸግራል።

የተገዛው ገንቦ ሌሊቱን ሙሉ በውሃ ተነክሮ ያድርና በንጹሕ ቃጫ ይታጠባል። ሳሙና ፈጽሞ አይነካውም፤ ሸክላው ሳሙናውን መጥጦ ለብዙ ቀን ወደ ውሃው ስለሚመልሰው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሙሊቶች የአፈር ጣዕም ስላላቸው ለአትክልት ይደፋሉ። ውስጡን በወይራ ጢስ ጥቂት ማጠን የሚወዱ አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ እኔ ነኝ፤ ነገር ግን ለጣዕም ብቻ የሚደረግ ስለሆነ ቢቀርም ምንም አይጎድልም።

ገንቦ ውሃን ያቀዘቅዛል እንጂ አያጠራም። ስለዚህ የሚገባበት ውሃ አስቀድሞ መፍላትና መብረድ አለበት። የእኛ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ ገና 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በመሆኑም መንተክተክ እንደ ጀመረ ከማውረድ ሦስት ደቂቃ ያህል ጨምሮ ማፍላት ይገባል። ከገንቦው ሲቀዳም እጅ ወይም የተጠጣበት ኩባያ አይገባበትም፤ ለዚሁ የተለየ ንጹሕ ጭልፋ ይኑረው፤ በሳምንት አንድ ቀንም ተደፍቶ ይታጠብ።

ቀጥሎ ያለው አቀማመጡ ነው፤ ከመሟሸት ቀጥሎ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች ገንቦውን ጨለማና ዝግ በሆነ ማእድ ቤት ጥግ ያስቀምጡታል። ጥላው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ነፋስ ከሌለ ከገንቦው የወጣው እርጥበት እዚያው ተንጠልጥሎ ስለሚቀር መትነኑ ይቆማል። ትክክለኛው ቦታ ፀሐይ የማያገኘው፣ ነፋስ ግን የሚያልፍበት በረንዳ ወይም በሁለት መስኮት መካከል ያለ መተላለፊያ ነው። ገንቦው ከታችም ነፋስ እንዲያገኝ በሦስት ድንጋይ ላይ ይቀመጥ፤ ሥሩ ለሚንጠባጠበው ሳህን ይደረግለት፤ አፉ ይከደን፤ ገላው ግን በላስቲክ አይሸፈን። እርጥብ ጆንያ ቢጠመጠምበትና ጆንያው ሲደርቅ እየተረጨ ቢሰነብት ይበልጥ ይረዳዋል። የበጋ ሌሊት በእኛ አካባቢ ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞልቶ ውጭ ማሳደርና ፀሐይ ሳይወጣ ወደ ጥላው መመለስ የሥራውን ግማሽ ያቃልላል።

ውጤቱ ምን ያህል ነው? ጥርስ የሚያሳምም ቅዝቃዜ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። ከገንቦ የሚቀዳ ውሃ ጉሮሮን ሳይቆርጥ ያረካል፤ እኔ ከፍሪጅ ውሃ የምመርጠውም ለዚህ ነው። ይህ ዘዴ የሚሠራው አየሩ ደረቅ በሆነበት በበጋ መሆኑን ግን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በሐምሌ አየሩ ራሱ ውሃ ጠግቦ ስለሚውል ገንቦው ማላቡን እንጂ መድረቁን አያውቅም፤ ውሃውም እምብዛም አይቀዘቅዝም።

ሱፉ

በመጀመሪያ፣ ሱፍ የምንለው ነጩን፣ ትንሹንና ጠንካራውን ፍሬ ነው። «የፈረንጅ ሱፍ» የሚባለው ረዘም ያለና ጠቆር ወይም ዥንጉርጉር ያለው ፍሬ ሌላ ተክል ነው፤ ከእርሱም ውሃ ይወጣል፤ ይህ ፍትፍት ግን አይሆንም።

ለአራት ሰው ሁለት የውሃ ብርጭቆ ሱፍ ይበቃል። ተለቅሞ ይታጠባል፤ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ በዚህ ሙቀት አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። ከዚያ በብረት ምጣድ ላይ በሳሳ እሳት እየተማሰለ በጣም ለጥቂት ጊዜ ይታመሳል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። ሱፍን እንደ ቡና ወይም እንደ ቆሎ ቀለም እስኪለውጥ የሚያምስ ሰው ወተት የሚመስለውን ነጭ ውሃ አያገኝም፤ የሚያገኘው ቡናማና መራራ ነገር ነው። የማመሱ ዓላማ ገለባው ደርቆ በቀላሉ እንዲሰበር ማድረግ ብቻ ስለሆነ፣ ፍሬው በመዳፍ ሲያዝ ትኩስ እስኪሆንና ሽታው ወጣ እስኪል ድረስ ይበቃዋል። ዓይኑን ከምጣዱ ሳያነሣ መቆም የማይችል ሰው ከማመስ ይልቅ ለጥቂት ደቂቃ ቀቅሎ ማጥለል ይችላል፤ ጣዕሙ ቀለል ይላል እንጂ አይበላሽም።

ከዚያ ይወቀጣል። ብሌንደር ያለው፣ መብራትም ያለለት ሰው በብሌንደር ሊፈጨው ይችላል፤ እኔ ግን ሙቀጫን እመርጣለሁ። ብሌንደር ገለባውን ከፍሬው እኩል ስለሚያደቅቀው ገለባው ከጨርቁ አልፎ በጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል፤ ሙቀጫ ግን ፍሬውን ሲያደቅቅ ገለባውን ሰፋ ሰፋ አድርጎ ይተወዋል። ብሌንደር መጠቀም የግድ ከሆነ ጠቅ እያደረጉ ወዲያው ማቆም እንጂ አንዴ ከፍቶ መተው አይገባም።

የተወቀጠው በጎድጓዳ ዕቃ ይደረግና አንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ይጨመርበታል። ለብ ያለ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ በቀዝቃዛ ውሃ የታሸ ሱፍ ቅባቱን በደንብ አይሰጥም። በእጅ ለአምስት ደቂቃ ያህል ከታሸ በኋላ በመጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በንጹሕ ሻሽ ይጠለላል። በጨርቁ ውስጥ የቀረው እንደገና በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ታሽቶ ይጠለላል፤ ሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ። ከሦስተኛው በኋላ የሚወጣው ውሃ እጅግ ቀጭን ስለሆነ መድከም አያስፈልግም። በእጅ ያለው አሁን ወፈር ያለ፣ ለብ ያለና እንደ ወተት የነጣ ውሃ ነው።

ገንቦው የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ወፍራሙ የሱፍ ውሃ ከገንቦ በተቀዳ ሦስት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ይቀጠናል። የሱፉን ውሃ ራሱን ገንቦ ውስጥ ማፍሰስ ግን ፈጽሞ አይገባም። ሁለተኛው ስሕተቴ ይህ ነበር፤ በሁለተኛው ገንቦዬ ላይ የሱፍ ውሃ አሳድሬበት በማግሥቱ ኮምጥጦ አገኘሁት፤ ገንቦውም ሽታውን ይዞ ቀረ፤ ቅባቱም እንደ ጎመን ዘሩ ቀዳዳውን ደፈነው። ይበልጥ እንዲቀዘቅዝ የሚፈልግ ሰው የተቀጠነውን ሱፍ ክዳን ባለው ጠርሙስ አድርጎ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልለውና ከገንቦው አጠገብ በነፋሱ ላይ ለአንድ ሰዓት ያስቀምጠው። ከዚያ በላይ ማቆየት አያስፈልግም፤ ያለ ፍሪጅ የሱፍ ውሃ የዕለት ነው።

ፍትፍቱ

ቃሪያ ፍሬው ወጥቶ በስሱ ይከተፋል፤ ቀይ ሽንኩርትና አንድ ቲማቲም እንዲሁ። ጨውና ጥቂት የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ከሱፉ ጋር ይደባለቃሉ። ሎሚው በመጨረሻ፣ እንጀራው ከገባ በኋላ ይጨመቅበታል፤ ቀድሞ የገባ ሎሚ ሱፉን ያቋጥረዋል። በርበሬ የሚጨምሩ አሉ፤ እኔ ነጭነቱ ስለሚያስደስተኝ አልጨምርም።

እንጀራው የዕለቱ ትኩስ ሳይሆን የትናንቱ ይሁን፤ ትኩስ እንጀራ ሱፍ ሲነካው ይላቁጣል። በሙቀቱ ሳምንት ፀሐይ ላይ የደረቀ ድርቆሽ ካለ ከሁሉ ይሻላል፤ ሱፉን ጠጥቶም ቅርጹን አይለቅም፤ ለመራስ ግን አምስት ደቂቃ ያህል መጠበቅ ይፈልጋል። እንጀራው በሦስት ጣት የሚያዝ ያህል ተቆራርሶ ይገባና አንዴ ከላይ ወደ ታች ይገላበጣል፤ ወዲያው ይቀርባል። ከጠርሙሱ ጥቂት የሱፍ ውሃ ቢተርፍ ማር ጠብ አድርጎ መጠጣት ነው። በጨርቁ የቀረውን ገለባ ዶሮዎች ይወዱታል፤ እኔም ከአጥር ማዶ ላሉት እናት ዶሮዎች በሳህን አቀብላለሁ፤ እርሳቸውም ሳህኑን ሲመልሱ ገንቦዬን ዳሰስ ሳያደርጉ አይሄዱም።