የውሃ ስኪ ስላሎም በጣና፦ መስመሩን ከመለካት እስከ መጀመሪያው ኳስ

የስላሎም ነፍሱ ልኬት ነው። ፈጣን ጀልባ ያለው ሰው ጓደኛውን በገመድ እየጎተተ ጣና ላይ ሲያንሸራትት ቢውል ጥሩ መዝናኛ ነው፤ ስላሎም የሚባለው ግን 259 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ውሃ ላይ በሚንሳፈፉ 22 ኳሶች የተሰመረ፣ ስኪ ነጂው ከጀልባው ኋላ ግራና ቀኝ እየተመላለሰ ስድስቱን የሚዞርበት መስመር ሲኖር ነው። መስመሩ በትክክል ከተለካ ባሕር ዳር ላይ የተሠራ ዙር በየትኛውም አገር ከተሠራው ጋር ይነጻጸራል። ግማሽ ሜትር ከተዛባ ደግሞ በየቀኑ የተሳሳተ ልማድ ያስተምራችኋል፤ ልማዱን ማስተው መስመሩን ከመዘርጋት የበለጠ ይከብዳል። ስለዚህ እዚህ ላይ ከስኪው ይልቅ ስለ መስመሩ በሰፊው እንናገራለን።

ቦታ መምረጥ

የሚያስፈልገው 600 ሜትር ያህል ርዝመትና 100 ሜትር ስፋት ያለው ክፍት ውሃ ነው። 259ኙ የመስመሩ ነው፤ የቀረው በሁለቱ ጫፍ ጀልባው ፍጥነቱን የሚይዝበትና ሞገዱ እስኪረግብ የሚጠብቅበት ነው። ጥልቀቱን የምትለኩት በሰኔ ነው፤ ሐይቁ በዓመት ውስጥ ዝቅ የሚለው ያን ጊዜ ነውና። በመስከረምና በጥቅምት ለክቶ አራት ሜትር ያገኘ ሰው በሰኔ ሁለት ሜትር ተኩል ሊያገኝ ይችላል። በዝቅተኛው ጊዜ ቢያንስ ሁለት ሜትር ተኩል ይኑር፤ ከዚያ ሲያንስ የጀልባው ሞገድ ከታች እየነጠረ ይመለሳል፣ ፕሮፔለሩም ጭቃ ያነሳል።

መስመሩ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይዘርጋ። ጣና የሚረጋው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ገደማ ነው፤ በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ጀልባ ነጂ ኳሱን አያየውም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ስለሚነሳ ጊዜያችሁን አታባክኑ።

ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል የሚመላለሱ ጀልባዎች ከሚያልፉበት መንገድ ራቁ። ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት አካባቢም ራቁ፤ ጉማሬ አለ። ውሃው ውስጥ ብቻውን የሚንሳፈፍ ሰው ባለበት ስፖርት ይህ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም። ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን ማታ ጥለው ጠዋት ያነሳሉ፤ ሰዓቱ የእናንተው ሰዓት ነው። አንድ ኳስ ከመጣላችሁ በፊት ሄዳችሁ የት እንደሚያሰግሩ ጠይቁ፣ በየትኞቹ ቀናት እንደምትነዱ ንገሯቸው። ታንኳ ደንገል ነው፤ ከጎኑ በፍጥነት ያለፈ ጀልባ ሞገድ ሊገለብጠው ይችላል። በ200 ሜትር ውስጥ ታንኳ ከታየ ነጂው ፍጥነቱን ይቀንስ። ሐይቁ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል ስለሆነ ፈቃድ አስቀድሞ ይያዝ፤ ለመነሻ ቦታ ብሎ የዳር ደንገል መቁረጥም አይገባም።

ልኬቱ

በመሐል የሚያልፈው የጀልባው መንገድ ነው። ከመግቢያ በር እስከ አንደኛው ኳስ ትይዩ 27 ሜትር፣ ከዚያ በኋላ በየኳሱ መካከል 41 ሜትር፣ ከስድስተኛው ኳስ እስከ መውጫ በር እንደገና 27 ሜትር። ስድስቱ የስኪ ኳሶች ከመሐሉ መስመር 11.5 ሜትር ይርቃሉ፤ አንደኛው በቀኝ፣ ሁለተኛው በግራ፣ እንዲህ እየተፈራረቁ። ከየትኛውም ጫፍ ብትገቡ የመጀመሪያው ኳስ በቀኝ እጃችሁ ይሆናል፤ በግራ ከሆነ የዘረጋችሁት ተገልብጧል። በሮቹ ስኪ ነጂው መካከላቸው የሚያልፍባቸው ጥንድ ኳሶች ናቸው፤ ወርዳቸው 2.5 ሜትር ነው። በየኳሱ ትይዩ ጀልባው መካከላቸው የሚያልፍባቸው ጥንድ ኳሶች አሉ፤ በመካከላቸው 2.3 ሜትር። የስኪና የበር ኳሶችን ቀይ ወይም ብርቱካናማ፣ የጀልባውን ቢጫ አድርጉ።

ከውሃው ሥር በመሐል የሚዘረጋውን ዋናውን ገመድ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የብረት ገመድ ሥሩት። ናይለን አትጠቀሙ፤ ሲወጠር ይለጠጣል፣ 259 ሜትር ላይ መለጠጡ በሜትር ይቆጠራል። ገመዱን ለጥ ባለ ሜዳ ዘርግታችሁ በ50 ሜትር የብረት ሜትር ለኩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ 41፣ 41 እያለ ከምልክት ወደ ምልክት ይለካል፤ በየምልክቱ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር የሳተ መጨረሻው ላይ ተጠራቅሞ ያገኘዋል። ምልክቶቹን ሁልጊዜ ከዜሮ ቁጠሩ፤ 0፣ 27፣ 68፣ 109፣ 150፣ 191፣ 232፣ 259። ቀለበት ስታስሩም ገመዱን አትቋጥሩ፤ ቋጠሮ ርዝመት ይበላል። ቀለበቱን በብሎን ማያያዣ ምልክቱ ላይ አጥብቁት።

ኳሶቹን ከዋናው ገመድ ጋር የሚያያይዙት ክንዶች ከፒቪሲ ቱቦ ይሠራሉ። አንዱ ክንድ 12.65 ሜትር ነው፤ 11.5 ወደ ስኪ ኳሱ፣ 1.15 ወደ ሌላው ወገን የጀልባ ኳስ። ቱቦ የሚሸጠው በ6 ሜትር ስለሆነ ለስድስት ክንድ 13፣ ለሁለቱ በሮች አንድ፣ ማያያዣው ለሚበላው አንድ ትርፍ፣ በድምሩ 15 ቱቦ ግዙ። በየግማሽ ሜትሩ ቀዳዳ ብሱት፤ ውሃ ካልገባበት ይንሳፈፍና ስኪ ነጂውን ይመታል። ክንዱ ከዋናው ገመድ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራ የግንበኞችን 3፣ 4፣ 5 ተጠቀሙ፦ ክንዱ ላይ 3 ሜትር፣ ዋናው ገመድ ላይ 4 ሜትር ምልክት አድርጉና ሁለቱን በ5 ሜትር ገመድ እሰሩ። በሁለቱም አቅጣጫ እሰሩት፤ በአንድ ወገን ብቻ ከታሰረ ነፋስ ሲገፋው ይታጠፋል።

ክንዱ ከውሃው ወለል አንድ ሜትር ተኩል ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል። ክብደቱን በደንብ የተከደኑ ባዶ ሃይላንዶች ከታች ይሸከሙለት፤ ላይኛው ኳስ ግማሹ ብቻ ከውሃ ይውጣ። በኳሱና በክንዱ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር የከመነዳሪ ቁራጭ አስገቡ፤ ስኪ ሲመታው ኳሱ ይሸሻል እንጂ አይበጠስም። ኳሱ ራሱ ከ22 እስከ 28 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውና ለስላሳ መሆን አለበት። ጀሪካን በኳስ ፋንታ ፈጽሞ አይሆንም፤ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጉልበት ይሰብራል።

መልሕቁ

የጣና ወለል ለስላሳ ደለል ነው። ባለ 20 ሊትር ባልዲ ኮንክሪት ሞልታችሁ ፌሮ አጥፋችሁ ብትተክሉበት 48 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ውሃ ውስጥ ግን 28 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ በየጫፉ ሁለት ሁለት፣ አንዱን ከሌላው ኋላ አስራችሁ ጣሉ። የመልሕቁ ገመድ ከጥልቀቱ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይርዘም፤ አጭር ከሆነ መልሕቁን ወደ ላይ ይጎትተዋል፣ ረጅም ከሆነ ወደ ጎን። በመልሕቁና በብረት ገመዱ መካከል የተደራረበ የከመነዳሪ ጠፍር አስገቡ። ሐይቁ ሲጎድል መስመሩ ላልቶ እንደ ቀስት ይጎብጣል፣ ሲሞላ ደግሞ የጫፍ ኳሶቹ ይሰጥማሉ፤ ጎማው የተወሰነውን ይሸከማል፣ የቀረውን በየሦስት ሳምንቱ እናንተ ታስተካክላላችሁ።

ሁሉም ከተዘረጋ በኋላ ውሃው ላይ አረጋግጡ። የስልክ ጂፒኤስ አይረዳም፤ በብዙ ሜትር ይስታል። ከአንዱ የስኪ ኳስ እስከ ቀጣዩ፣ በሰያፍ፣ 47.01 ሜትር መሆን አለበት፤ ከመግቢያ በሩ መሐል እስከ አንደኛው ኳስ 29.35። ሰያፉ ከልክ በላይ ከሆነ ክንዱ ዞሯል ወይም ገመዱ ተለጥጧል። ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ ፍቱና እንደገና እሰሩ።

ጀልባና ገመድ

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ሦስት በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ እዚህ ሲደርስ አንድ አምስተኛ ሊጠጋ ነው። አምራቹ የጻፈውን የፈረስ ጉልበት አምናችሁ ከገዛችሁ ከባድ ሰው ከጥልቅ ውሃ ማስነሳት ያቅተዋል። ፒቹ፣ ማለትም በአንድ ዙረት ወደ ፊት የሚገፋው ርቀት፣ በአንድ ወይም በሁለት ኢንች ዝቅ ያለ ፕሮፔለር ቀይሩ፤ የላይኛው ፍጥነት ትንሽ ይቀንሳል፣ መነሻው ግን ይመለሳል። ገመዱ የሚታሰርበት ምሰሶ በጀልባው መሐል ይሁን። ከኋላ ጫፍ ከታሰረ ስኪ ነጂው ሲስብ የጀልባውን ጀርባ ወደ ጎን ይወስደዋል፤ ነጂውም መሐሉን መያዝ ያቅተዋል። እንቦጭ የሚንሳፈፍበት ቀን ከሆነ በየዙሩ መሐል ሞተሩ የሚቀዘቅዝበት ውሃ መውጣቱን እዩ፤ ቅጠሉ መግቢያውን ይደፍናል።

የፍጥነት መለኪያውን አትመኑ፤ የሩጫ ሰዓት ያዙ። ከበር እስከ በር 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት 23.31 ሰከንድ ይፈጃል፣ 46 ከሆነ 20.27፣ 52 ከሆነ 17.93፣ 55 ከሆነ 16.95፣ 58 ከሆነ 16.08። ፍጥነቱ በየዙሩ በ3 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። የወንዶች ጣሪያ 58፣ የሴቶች 55 ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያጥረው ገመዱ ነው። ሙሉ ገመድ ከነእጀታው 18.25 ሜትር ነው፤ ቀጥሎ 16፣ 14.25፣ 13፣ 12፣ 11.25፣ 10.75 እያለ ይወርዳል። 11.25 ላይ ልብ በሉ፦ ኳሱ ከመሐሉ 11.5 ሜትር ርቆ ሳለ ገመዱ ከዚያ ያነሰ ነው። ሰውየው ኳሱን የሚዞረው በክንዱና በተዘረጋ ሰውነቱ ርዝመት ነው። የዚህ ስፖርት ውበት ለኛ እዚህ ላይ ነው።

ስኪ

ነጠላ ስኪ፣ ሁለቱ እግሮች አንዱ ካንዱ ኋላ። ከ60 እስከ 70 ኪሎ ለሚመዝን 165 ሳንቲ ሜትር፣ እስከ 85 ኪሎ 168 ወይም 170፣ ከዚያ በላይ 173 ገደማ። ከኋላ ያለችውን ክንፍ አምራቹ ባዘዘው ልክ በካሊፐር ለክታችሁ እሰሩና ጀማሪ ሳላችሁ አትንኳት። ስህተቱን ሁሉ በክንፏ የሚያሳብብ ሰው አቋሙን አያርምም።

የመጀመሪያው ዙር

በነጠላ ስኪ ከጥልቅ ውሃ መነሳትና የጀልባውን ሞገድ በሁለቱም ወገን ሳይወድቁ ማቋረጥ ካልተቻለ ወደ መስመሩ አይገባም። መነሻው ከጀልባው ላይ ይሁን፤ ከዳር ሣር ውስጥ አይሁን። ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው ዳር ባለው ሣር ውስጥ ነው፤ ትሉም በብዛት የሚለቀቀው እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ጠዋት መንዳትና ከመሐል መነሳት አደጋውን ይቀንሳል፣ አያጠፋውም፤ በየወቅቱ መጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ።

በ40 ጀምሩ። ከዚያ ሲቀንስ ቀላል ይመስላል፤ ስኪው ግን ይሰምጥና መዞሩ ይከብዳል። መጀመሪያ ስድስቱን የስኪ ኳሶች ትታችሁ ከጀልባው ኋላ በበሮቹ ብቻ እለፉ። ቀጥሎ በየክንዱ ላይ ከመሐሉ 7 ሜትር ርቀት ላይ ትርፍ ኳስ እሰሩና እሱን ዙሩ። ያ ሲቀል ወደ 11.5 ትወጣላችሁ።

ከበሩ በፊት ከጀልባው በስተግራ ሰፋ ብላችሁ ውጡ፤ ከዚያ በበሩ ቀኝ ኳስ አጠገብ እንድታልፉ አስልታችሁ ወደ ቀኝ ቁረጡ። በሩን የሳተ ዙሩ ዜሮ ነው። ስትስቡ ክንድ ቀጥ፣ እጀታው ከወገብ አይራቅ፣ ክብደቱ በሁለቱም እግር ላይ። ጀልባው በግራና በቀኝ ከሚያነሳቸው ሁለት ሞገዶች ሁለተኛውን ካለፋችሁ በኋላ መሳብ አቁሙና ጠርዝ ቀይሩ፤ ስኪውን በሌላው ጎኑ አዘንብሉት። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ዘገየሁ ብሎ እስከ ኳሱ ድረስ ይስባል፣ በፍጥነት ደርሶ ከኳሱ በታች ይዞራል፣ ገመዱ ይላላል፣ ሲወጠር ደግሞ ወደ ፊት ነቅሎ ይጥለዋል። መድኃኒቱ ከሞገዱ በፊት አጥብቆ መሳብ ነው፤ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ስትዞሩ ኳሱን አትዩት፤ ዓይናችሁ ማዶውን ይይ። እጀታውን በውጭኛው እጅ ለቃችሁ በውስጠኛው ዘርጉ፤ ዞራችሁ ስትጨርሱ ወደ ወገባችሁ አምጡት እንጂ ክንዳችሁን አጥፋችሁ አትሳቡት።

አንድ ኳስ የሳተ ወይም የወደቀ ዙሩ እዚያው ያበቃል፤ እስከዚያ የዞራቸው ይቆጠሩለታል፣ በከፊል የዞረውም ሩብ ወይም ግማሽ ሊያሰጠው ይችላል።

ለመንዳት ሦስት ሰው ያስፈልጋል፦ ጀልባ ነጂ፣ ወደ ኋላ የሚያይ ተመልካች እና ስኪ ነጂ። ተመልካች ከሌለ አይነዳም። አውራ ጣት ወደ ላይ ፍጥነት ጨምር፣ ወደ ታች ቀንስ፤ ራስን በመዳፍ መንካት ወደ መነሻ እንመለስ። የወደቀ ሰው ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አጋጥሞ ካሳየ ደህና ነው፤ ካላሳየ ጀልባው ወዲያው ይዞር። ወደ ወደቀው ሰው በኋሊት አይኬድም፤ አጠገቡ ሲደረስም ሞተር ይጠፋል። ላይፍ ጃኬት ሁልጊዜ፤ እጀታውን በእጅ ላይ መጠምጠም በጭራሽ።

ሰኔ ሲገባ መስመሩን አውጡ። ከዚያ እስከ መስከረም ውሃው በፍጥነት ይሞላል፣ ነፋሱ ይበረታል፣ ጎርፉ ግንድና እንቦጭ ያመጣል፤ ክንዶቹን ይሰብራል። ከመሐል ሆናችሁ በዋናው ገመድ እየሳባችሁ ክንዶቹን አንድ በአንድ ፍቱ፣ በየቀለበታቸው ቁጥር ጻፉባቸው። የብረት ገመዱን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ አድርቁና በትልቅ ጎማ ዙሪያ ጠምጥማችሁ አስቀምጡት፤ የታጠፈ ገመድ በሚቀጥለው ጥቅምት ስትለኩት ልኩን አይሰጣችሁም። ከመነዳሪውን ጣሉት፤ ፀሐይ አንድ ወቅት የመታው ጎማ ሁለተኛ አይታመንም።