አዲስ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ሲጭኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ የድራይቨር ስህተቶች

ሊኑክስ ተጭኖ ካለቀ በኋላ ዋይፋይ ከጠፋ፣ ድምፅ አልወጣ ካለ ወይም ስክሪኑ ከጠቆረ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው፦ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ለዕቃው አርጅቷል፣ ፈርምዌሩ (ዕቃው ራሱ የሚያስኬደው ፕሮግራም) የለም፣ ወይም ሴኪዩር ቡት (ፊርማው ያልታመነ ሶፍትዌር እንዳይገባ የሚከለክለው ጥበቃ) ድራይቨሩን፣ ማለትም ዕቃውን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ አላስገባም ብሏል። መፍትሔያቸው ለየቅል ነው። አብዛኛው ድካም የሚመጣው የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ጥገና ከመጀመር ነው።

ድራይቨር ፍለጋ ወደ አምራቹ ድረ ገጽ መሮጥ

ይህ ከዊንዶውስ የመጣ ልማድ ነው። በሊኑክስ አብዛኞቹ ድራይቨሮች ከከርነሉ ጋር አብረው ይመጣሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለበት ከርነሉ ዕቃውን አውቆታል ወይ የሚለው ነው። ተርሚናል ከፍተው ኤልኤስፒሲአይ የሚለውን ትእዛዝ፣ ሰረዝና «ኤንኤንኬ» አስከትለው ያስኪዱ። የእያንዳንዱ ዕቃ ስም ከመለያ ቁጥሩ ጋር ይዘረዘራል። የቁጥሩ የመጀመሪያ ክፍል የአምራቹ ነው፤ 8086 ኢንቴል፣ 1002 ኤኤምዲ። ከሥሩ «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚል መስመር ካለ ዕቃው ድራይቨር ይዟል። መስመሩ ከሌለ ዕቃውን የተረከበው ድራይቨር የለም። መስመሩ እያለ ዕቃው ካልሠራ ደግሞ ፈርምዌሩን ይጠርጥሩ። በዩኤስቢ በኩል የተያያዙትን፣ እንደ ካሜራና ብሉቱዝ ያሉትን፣ የሚያሳየው ኤልኤስዩኤስቢ ነው።

መፍትሔ ሲፈልጉ በላፕቶፑ ሞዴል ስም ሳይሆን በዚህ መለያ ቁጥር ይፈልጉ። አንድ ዓይነት ሞዴል የተለያየ የዋይፋይ ካርድ ይዞ ሊሸጥ ይችላል።

ከላፕቶፑ በዕድሜ የሚበልጥ ከርነል መጫን

ዴቢያን 12 የተባለው የሊኑክስ ስርጭት በ2023 ሲወጣ ይዞት የመጣው ከርነል 6.1 ነው፤ በዚያው መስመር ላይም ይቆያል። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ የዋለ ላፕቶፕ ውስጥ ከርነሉ የማያውቀው ዕቃ ቢገኝ አያስገርምም። ለምሳሌ የአንዳንድ አዳዲስ ኢንቴል ላፕቶፖች ካሜራ የተያያዘበት የአይፒዩ 6 ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ የገባው በ6.10 ነው። ዴቢያን ላይ ባክፖርትስ ከሚባለው የአዳዲስ ጥቅሎች ማከማቻ አዲስ ከርነል መውሰድ ይቻላል፤ ኡቡንቱ ኤልቲኤስ (ረጅም ድጋፍ ያለው እትም) ላይ ለአዳዲስ ዕቃዎች የሚሆን ኤችደብሊውኢ የሚባል ከርነል አለ። ፌዶራና አርች አዲሱን ቶሎ ስለሚያደርሱ ገና ለወጣ ላፕቶፕ እነሱ ይመረጣሉ። አሮጌውን ከርነል ግን ወዲያው አያጥፉ፤ አዲሱ አልነሳ ካለ ላፕቶፑ ሲነሳ ከሚመጣው የግረብ ሜኑ ላይ መርጠው የሚመለሱበት እሱ ነው።

ከርነሉን አድሶ ፈርምዌሩን መርሳት

ድራይቨር የሚሠራው በላፕቶፑ ፕሮሰሰር ላይ ነው። ፈርምዌር ግን ድራይቨሩ ወደ ካርዱ የሚጭንለት፣ ካርዱ ራሱ የሚያስኬደው ፕሮግራም ነው። አዲስ ከርነል ከአሮጌ የፈርምዌር ጥቅል ጋር ሲገናኝ ድራይቨሩ ይነሳና የሚፈልገውን ፋይል አጥቶ ይቆማል። የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየውን ዲሜሴጅ የሚባል ትእዛዝ በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) አስኪደው «ፈርምዌር» የሚለውን ቃል ይፈልጉ። መጨረሻው ላይ «ኤረር -2» ካለ ፋይሉ አልተገኘም ማለት ነው፤ መልእክቱ የፋይሉን ስም ጭምር ስለሚነግርዎ መገመት አያስፈልግም።

ድምፅ ላይም ይኸው ነው። አዳዲስ ኢንቴል ላፕቶፖች ላይ በድምፅ ማስተካከያው ውስጥ «ዳሚ አውትፑት» ብቻ ከታየ ብዙ ጊዜ የጎደለው «ሶፍ» የሚባለው ፈርምዌር ነው። ይህን ጥቅል ይጫኑና ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፍተው ያብሩት።

ዋይፋይ ከሌለ ይህን ሁሉ በምን ላውርድ ካሉ፣ ስልክዎን በዩኤስቢ ኬብል አገናኝተው ኢንተርኔቱን ማጋራት ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ተጨማሪ ድራይቨር ይሠራል።

ሰማያዊውን ስክሪን ማሳለፍ

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ሴኪዩር ቡት በርቶ እያለ፣ ላፕቶፑ ላይ ከምንጭ ኮዱ የተገነባ ድራይቨር የሚታመን ፊርማ ከሌለው ከርነሉ አይቀበለውም። ኡቡንቱ ላይ እንዲህ ዓይነት ድራይቨር ሲጭኑ የይለፍ ቃል እንዲያወጡ ይጠየቃሉ፤ ይህ ቃል የሚያገለግለው ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ላፕቶፑ ዳግም ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና ማንኛውንም ቁልፍ እንዲጫኑ 10 ሰከንድ ይሰጥዎታል። ካልነኩት ዝም ብሎ ያልፋል፣ ድራይቨሩም ሳይገባ ይቀራል። ከደረሱበት «ኤንሮል ሞክ» (የፊርማውን ቁልፍ መዝግብ)፣ ቀጥሎ «ኮንቲኒው»፣ ከዚያ «የስ» ብለው የይለፍ ቃሉን ያስገቡና «ሪቡት» ያድርጉ። ስክሪኑ የአሜሪካን የኪቦርድ አቀማመጥ ስለሚጠቀም ቃሉ ከተራ ፊደልና ቁጥር ባይወጣ ጥሩ ነው።

አምልጦዎት ከሆነ ድራይቨሩን በሞድፕሮብ ትእዛዝ ወደ ከርነሉ ሲያስገቡ «ኪ ዋዝ ሪጀክትድ ባይ ሰርቪስ» የሚል ስህተት ያያሉ። ድራይቨሩን ደግሞ ደጋግሞ መጫን አይጠቅምም፤ ሞክዩቲል በሚባለው ትእዛዝ፣ «ኢምፖርት» አስከትለው፣ ድራይቨሩ የተፈረመበት ቁልፍ እንዲመዘገብ ጠይቀው ሰማያዊውን ስክሪን እንደገና ያምጡት። ሴኪዩር ቡትን ማጥፋትም ያሠራል፤ ነገር ግን በቢትሎከር የተቆለፈ ዊንዶውስ ጎን ለጎን ካለ ባለ 48 አሃዙን መክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅዎ ስለሚችል አስቀድመው ይያዙት።

የኢንቪዲያን ድራይቨር ከድረ ገጹ አውርዶ መጫን

ከድረ ገጹ የሚወርደውን የመጫኛ ፋይል የሲስተሙ ጥቅል አስተዳዳሪ አያውቀውም። ከርነሉ በታደሰ ማግስት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሊጠብቅዎ ይችላል። ኡቡንቱ ላይ «አዲሽናል ድራይቨርስ» የሚለውን ከፍተው የተመከረውን ይምረጡ። ካርዱ የአርቲኤክስ 50 ተከታታይ ከሆነ ስሙ ላይ «ኦፕን» የሚል ያለበትን ይያዙ፤ የድሮው ዝግ ሞጁል እነዚህን ካርዶች አይደግፍም።

ለመጫን ሲባል ግረብ ላይ «ኖሞድሴት» (የግራፊክስ ድራይቨሩን የሚያግድ ቃል) ጨምረው ከሆነ ድራይቨሩ ከገባ በኋላ ያንሱት። እዚያው ከተተወ ግራፊክሱ በአግባቡ አይሠራም፤ ከዚያ ሊኑክስ ዘገምተኛ ነው ተብሎ ይታማል።

ያገኙትን የሪልቴክ ኮድ ሁሉ መገንባት

ብዙ የቆዩ መመሪያዎች ለሪልቴክ የዋይፋይ ካርዶች ከኢንተርኔት የወረደ የድራይቨር ኮድ ያስገነባሉ። ዛሬ አርቲደብሊው 88 እና አርቲደብሊው 89 የሚባሉት ድራይቨሮች ከርነሉ ውስጥ አሉ፤ ሌላ ከጨመሩበት ሁለቱ ይጋጫሉ። መገንባት ግድ ከሆነ ከርነሉ ሲታደስ ድራይቨሩን እንደገና በሚገነባው በዲኬኤምኤስ ያድርጉት፣ ለግንባታው የሚያስፈልገው የከርነሉ ሄደርስ ጥቅልም ይኑር። ሄደርሱ ከሌለ ከርነሉ በታደሰ ጊዜ ዋይፋዩ ይጠፋል።

ዲስኩ ስላልታየ ባዮሱን ዝም ብሎ መቀየር

ኢንስቶለሩ ዲስኩን ካላየው የማከማቻው አሠራር ባዮስ (የላፕቶፑ መነሻ ማስተካከያ) ውስጥ «ሬድ» ወይም «አርኤስቲ» ላይ ሊሆን ይችላል፤ ወደ «ኤኤችሲአይ» ይቀየራል። ዊንዶውስ ካለ ግን በቅድሚያ በሴፍ ሞድ እንዲነሳ ያዘጋጁት፣ ከዚያ ይቀይሩ፣ አንዴ በሴፍ ሞድ ከተነሳ በኋላ ሴፍ ሞዱን አንስተው ዊንዶውሱ በመደበኛው መንገድ እንዲነሳ ያድርጉ። ያለዚያ ዊንዶውሱ አልነሳም ይላል። እግረ መንገድዎን የዊንዶውስን «ፋስት ስታርትአፕ» ያጥፉ፤ እሱ እያለ ዊንዶውስ በትክክል ስለማይዘጋ የዋይፋይ ካርዱ ሊኑክስ ላይ አልነቃ ሊል ይችላል።

የጣት አሻራ ላይ ቀን ማጥፋት

ሊብኤፍፕሪንት የሚባለው የሊኑክስ የጣት አሻራ ሶፍትዌር የሚደግፋቸው የአሻራ አንባቢዎች ዝርዝር አለ። የእርስዎ የዩኤስቢ መለያ ቁጥር እዚያ ውስጥ ከሌለ የትኛውም ማስተካከያ አያሠራውም፤ በይለፍ ቃል ይግቡ።