በዴንማርክ መዋዕለ ሕፃናት ልምምድ ስትወጡ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

በዴንማርክ የፔዳጎግ፣ ማለትም የሕፃናት ተንከባካቢና አስተማሪ፣ ትምህርት ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። በመሃል መዋዕለ ሕፃናት ገብታችሁ ትለማመዳላችሁ። እኔ የገባሁት በየካቲት ብርድ ነበር። ከአበሻ ቤት ወጥቶ እዚያ ለሚገባ ሰው የትኞቹ ስህተቶች እንደሚቀርቡ ስለማውቅ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ልጁን ማልበስ ነው። ልጆቹ ወደ ግቢ ሊወጡ ኮሪደሩ ላይ ይለባብሳሉ። አንድ የአራት ዓመት ልጅ ከፍሉቨድራክቱ ጋር ይታገላል። ፍሉቨድራክት ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ወፍራም የብርድ ቱታ ነው። አንጀቴ አልቻለም። እግሩን አስገባሁለት፣ ዚፑን ሳብኩ፣ ጓንቱን አጠለቅኩለት። ልጁ ምርር ብሎ አለቀሰ። ልምምዴን የምትከታተለው ፔዳጎግ ጠጋ ብላ "ሥራውን እኮ ወሰድሽበት" አለችኝ።

በማግስቱ አብሬው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ቱታውን ዘረጋ፣ መሃሉ ላይ ቁጭ አለ፣ መጀመሪያ እግሩን ከዚያ እጁን አስገባ። እኔ የዚፑን የታችኛውን ጫፍ ብቻ ያዝኩለት። ጓንት የመጨረሻ ነው፤ ጓንት ያጠለቀ ጣት ዚፕ አይስብም። አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀበት። ዚፑ አገጩ ሥር ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝና ምንም ሳይል ወደ ግቢው ሮጠ። እኛ ዘንድ ማልበስና ማጉረስ ፍቅር ነው፤ ፍቅርነቱን አልክድም። እዚያ ግን ልጁ ራሱን እንዲችል መጠበቅም ፍቅር ነው። ኮሪደሩ ላይ አትቸኩሉ። የቀኑ ትልቁ ትምህርት እዚያ ነው።

ሌላው ፊደልና ቁጥር ለማስጠናት መሯሯጥ ነው። እኔ ካርዶች ቆርጬ ሄጄ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 በሕግ የጸናው የመዋዕለ ሕፃናት የትምህርት እቅድ ስድስት ዘርፎች አሉት፦ የልጁ ሁለንተናዊ እድገት፣ ማኅበራዊ እድገት፣ መግባቢያና ቋንቋ፣ አካልና ስሜት ሕዋሳት፣ ተፈጥሮና የውጭ ሕይወት፣ ባህልና ጥበብ። የሁሉም መሠረት ጨዋታ ነው። ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውና ግዴታ የሆነው "ዜሮ ክፍል" የሚጀመረው ልጁ ስድስት ዓመት በሚሞላው ዓመት ነው። ካርዶቼን ትቼ አሸዋው ላይ ስቀመጥ ነው ልጆቹ ያወሩኝ።

"ተው ትወድቃለህ!" ማለትም ቶሎ ይመጣል። ልጆቹ ዛፍ ይወጣሉ፣ ጭቃ ላይ ይንከባለላሉ፣ አዋቂ አጠገባቸው ሆኖ በቢላ እንጨት ይቀርጻሉ። ጩኸታችሁ ልጁን ያስደነግጠዋል። ከዛፉ ሥር ቁሙና "ቀጥሎ እግርህን የት ታደርጋለህ?" በሉት።

ዝምታችን ደግሞ ብዙ ይጎዳናል። ለእኛ ከትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነው። ዴንማርክ ውስጥ ግን ዳይሬክተሯንም በስሟ ነው የምትጠሯት፤ ዝም ያለ ተለማማጅ ግድ የሌለው ይመስላል። ያያችሁትን በየቀኑ ጻፉና ከተከታታያችሁ ጋር ስትቀመጡ "ለምን እንዲህ አደረግሽ?" ብላችሁ ጠይቁ። አትቀየምም፤ ደስ ይላታል። ዴንማርክኛችሁ ተሰባበረ ብላችሁም አትሸማቀቁ። ተረት ሳነብ የአምስት ዓመት ልጆች አነባበቤን ያርሙኝ ነበር፤ ቋንቋውን ከእነሱ የተሻለ ያስተማረኝ የለም።

በምሳ ሰዓት ገለል አትበሉ። አዋቂው ከልጆቹ ጋር አንድ ገበታ ላይ ይቀመጣል፤ ወሬው ራሱ ሥራ ነው። ጾም ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩና አብራችሁ ተቀመጡ። ጥቁር የአጃ ዳቦ ላይ የተቀቀለ ድንች በስሱ ቆርጦ መብላት የዴንማርኮች የቆየ ልማድ ነው፤ ለእኛ ደግሞ የጾም ምግብ። ለምን ሥጋ እንደማልበላ ልጆቹ ሲጠይቁኝ ስለ ሁዳዴ አወራን።

በመጨረሻ፣ የልጆችን ፎቶ በስልካችሁ አታንሱ፤ የቤተሰብ ጉዳይም ከግቢው አይውጣ። አንድ ነገር ግን ምስጢር ብላችሁ እንዳትይዙት። ዴንማርክ ልጅን መምታት እ.ኤ.አ. በ1997 ሙሉ በሙሉ ከልክላለች፤ ፔዳጎጎችም የልጅ ደኅንነት ሲያሳስባቸው ለኮሙኑ (ለአካባቢው አስተዳደር) የማሳወቅ የሕግ ግዴታ አለባቸው። ልጁ ሰውነት ላይ ያያችሁት ምልክት ወይም የነገራችሁ ነገር ካሳሰባችሁ ለተከታታያችሁ የዚያኑ ቀን ንገሩ። የሚመለከተው ቤተሰብ የአገራችሁ ልጅ ቢሆንም።