ኩሬው ሲሸት ኩሬውን አትውቀሱ፦ የሰፈር ፍሳሽ ማጣሪያ ችግርና መፍትሄ

ይህን የምጽፈው ድሬ ውስጥ የግቢው ፍሳሽ በሴፕቲክ ታንክ (ደረቁ ቆሻሻ በሚረጋበት የተዘጋ ጉድጓድ) አልፎ ኩሬ ውስጥ በሚጣራበት ቦታ ኮሚቴ ወይም ጠባቂ ለሆናችሁ ነው። የድሬ ሙቀት ለኩሬ በረከት ነው። ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች በሙቀት ይፈጥናሉ፤ ፀሐዩ አልጌ፣ ማለትም ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ደቃቅ ነገር፣ ያበቅላል፤ አልጌው ኦክስጅን ይሰጣል። መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። ኩሬ ከተበላሸ እንግዲህ ጥፋቱን መጀመሪያ የምፈልገው እኛ በላክንበት ነገር ውስጥ ነው።

ኩሬው ይሸታል፣ ቀለሙም ተቀይሯል

በቅድሚያ ሰዓቱን ያዙ። አልጌ ሌሊት ኦክስጅን አይሰጥም፣ እንዲያውም ይወስዳል፤ ስለዚህ ንጋት ላይ ትንሽ ሽታ ያለ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተመለሱ። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ሽታው ከጠፋ ኩሬው ጤነኛ ነው። በጠራራ ፀሐይም የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ፣ መልኩም ወደ ጥቁር ግራጫ ወይም ወደ ሮዝ ከሄደ ግን ከአቅሙ በላይ ጎርሷል።

የእኛ ኩሬ አንድ ዓመት አረፋ ካለፈ በኋላ ሮዝ ሆነብን። ቀለም የደፋ ሰው ስንፈልግ ሰነበትን። በኋላ ማንሆል ስንከፍት ፈርስና የረጋ ደም አገኘን። ሮዙ ራሱ ባክቴሪያ ነው፤ ኦክስጅን ባለቀበት ውሃ ውስጥ ያንኑ የሚሸተውን ጋዝ እየተጠቀመ የሚኖር። አንድ ጎረቤት «አቦ፣ ሁለት ጀሪካን በረኪና ድፉበትና እንገላገል» አለ። እንዳታደርጉት! በረኪና የሚገድለው ሠራተኞቻችሁን፣ ባክቴሪያዎቹንና አልጌውን፣ ነው። መፍትሄው አረፋም ሆነ ፋሲካ ሲመጣ ደምና ፈርስ ወደ ፍሳሹ እንዳይገባ መከልከል፣ ከዚያ ከመጨረሻው ኩሬ አረንጓዴውን ውሃ በትንሽ ፓምፕ ወደ መጀመሪያው መግቢያ መመለስ፣ ከዚያም መታገስ ነው።

ምንም ከባድ ነገር ሳይገባ ከሸተተ ዝቃጩን፣ ወለሉ ላይ የረጋውን ጭቃ፣ ለኩ። ረጅም እንጨት ላይ ነጭ አቡጀዲ ጠቅልሉ፤ ቀስ ብላችሁ እስከ ወለሉ አውርዱ፤ ትንሽ አቆይታችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። የጠቆረው ክፍል የዝቃጩ ከፍታ ነው። ጥልቀቱ 1.5 ሜትር በሆነ ኩሬ ውስጥ ጥቁሩ 50 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ የማስወጣት ጊዜው ደርሷል።

የሚወጣው ውሃ እንደገባ ነው

ውሃው ኩሬው ውስጥ ሳይቆይ ከመግቢያው ወደ መውጫው አቋርጦ እየሄደ ይሆናል። ከቀፊራ ገበያ አምስት ስድስት ብርቱካን ግዙና ነፋስ በሌለበት ጠዋት መግቢያው ላይ ጣሉ። ብርቱካን አብዛኛው አካሉ ውሃ ውስጥ ሆኖ ስለሚንሳፈፍ ነፋስ እንደ ፌስታል አይነዳውም። በጥቂት ሰዓት መውጫው ላይ ከተሰበሰቡ፣ ቀናት መቆየት የነበረበት ውሃም አብሯቸው ወጥቷል። መሐል ላይ ሸራ ጋርዱና መንገዱን አዙሩበት። ወለሉ ላይ ፕላስቲክ ከተነጠፈ ችካል አትትከሉ፤ ሸራውን በገመድ አንጠልጥላችሁ ከታች ድንጋይ እሰሩበት። ድሬ የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነውና ያ ፕላስቲክ እንዳይቀደድ።

ማንሆል ይገነፍላል

ዝናብ ሲጥል ብቻ ከሆነ የጣሪያ ወይም የግቢ ጎርፍ መስመሩ ላይ ተቀጥሏል፤ ለዩት። ከድሬ በላይ ደንገጎ ተራራ ላይ የጣለ ዝናብ አሸዋውን ይዞ እንደሚወርድ ታውቃላችሁ፤ ክዳን የሌለው ማንሆል በአንድ ጎርፍ ይሞላል።

በደረቅ ቀን ከገነፈለ መስመሩን ተከትላችሁ ክፈቱ። አንዱ ሞልቶ ቀጣዩ ደረቅ ከሆነ መዘጋቱ በሁለቱ መካከል ነው፤ ከደረቁ በኩል ዘንግ አስገቡ። እኛ ዘንድ ተጠምጥሞ የሚወጣው ዳይፐር፣ ሞዴስና ገረባ (ከጫት የሚተርፈው እንጨትና ቅጠል) ነው። የጫት ገረባ ከፌስታል ጋር ሲጋመድ እንደ ገመድ ይሆናል።

ማንም ግን ወደ ማንሆሉም ሆነ ወደ ታንኩ አይውረድ። እዚያ ውስጥ ያለው የሚሸተው ጋዝ ሲበዛ አፍንጫ ያደነዝዛል፤ «ሽታው ጠፍቷል» ያላችሁት ሰው ያኔ ነው የሚወድቀው። ሊያወጣው የገባም አብሮት ይቀራል። ሲጋራም አጠገቡ አይለኮስ።

ትንኝ በዛ

ዳር ያለውን ሣር እጨዱ፣ ተንሳፋፊውን ጥረጉ፤ አለቀ። በ2006 ድሬ የገባውን ዴንጊና በ2011 የመጣውን ቺኩንጉንያ የምታስተላልፈው ትንኝ ግን የቤት በርሜል ውሃ ነው የምትመርጠው፤ በርሜሉን ክደኑት።

የተጣራው ውሃ አረንጓዴ ነው

አልጌ ነው፤ ብልሽት አይደለም። ዛፍ አጠጡበት። ሰላጣ ላይ ግን አይሆንም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው መመሪያ ጥሬ ለሚበላ ነገር በ100 ሚሊ ሊትር ከ1,000 የማይበልጥ የሰገራ ባክቴሪያ ይፈቅድ ነበር፤ ያንን ዓይን አያየውም፣ ላቦራቶሪ ነው የሚያየው። ጫትም ጥሬ የሚበላ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ሳይታጠብ።